አዲስ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት፦ «ገና ነው» ማለት የሚችለው ማነው?

አዲስ ጌም ሊወጣ ነው ሲባል የሚጠየቀው ነገር ይታወቃል። ግራፊክሱ እንዴት ነው? የኔ ላፕቶፕ ይችለዋል? ስንት ነው? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ወደ እነሱም እንመጣለን። እኔ ግን ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ጌሙ ሳያልቅ የመውጫው ቀን ቢደርስ «ገና ነው፣ አይወጣም» ብሎ ማስቆም የሚችለው ማነው? ሠሪው ራሱ? ገንዘቡን ያወጣው ድርጅት? ወይስ በየሦስት ወሩ የትርፍ ሪፖርት የሚጠብቁ ባለአክሲዮኖች?

ስለ ፈጠራ ነፃነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የታሪኩ ድፍረት፣ የሥዕሉ ውበት፣ «ማንም ያልሞከረውን ሞከሩ» የሚለው ነው። እሱንም እወዳለሁ። ገዢ ሆናችሁ ስታዩት ግን ነፃነቱ መጀመሪያ የሚታየው ጊዜ ላይ ነው። ጊዜውን የሚወስነው ሰው ጌሙንም ይወስነዋል። ይሄን ለማወቅ ደግሞ የውስጥ አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ አብዛኛው መረጃ መግዣው ገጽ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፣ አንብቦት የሚገዛ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ እንዴት እንደማነበው ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን ስሞች አንብቡ፣ ሦስተኛውን ፈልጉ

ስቲም (የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበት ቦታ) ላይ የአንድን ጌም ገጽ ስትከፍቱ ከአጭሩ ማብራሪያ ሥር ሁለት መስመር አለ። አንዱ ዲቨሎፐር ይላል፣ ሌላው ፐብሊሸር። ዲቨሎፐሩ ጌሙን የሠራው ነው። ፐብሊሸሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያወጣው፣ የሚያስተዋውቀው፣ ገበያ ላይ የሚያወጣው ነው። ሁለቱም ላይ ያለው ስም አንድ ከሆነ ሠሪው ራሱ እየሸጠው ሊሆን ይችላል። ስሞቹ ከተለያዩ ደግሞ የመውጫው ቀን ላይ ሌላ ሰው ድምፅ አለው ብላችሁ ያዙ።

ሦስተኛው ስም ገጹ ላይ አይጻፍም። ስቱዲዮው የማን ነው? የስቱዲዮውን ስም ጎግል ላይ አስገብታችሁ ባለቤቱን ፈልጉ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም የታንጎ ጌምዎርክስ ታሪክ ይናገራል። የጃፓን ስቱዲዮ ነው። በጃንዋሪ 2023 ሀይ ፋይ ረሽ የሚባል በሙዚቃ ምት የሚሄድ የድብድብ ጌም ያለ ምንም ቅድመ ማስታወቂያ አወጣ። ሰው ወደደው። በኤፕሪል 2024 በአኒሜሽን ዘርፍ የብሪታንያውን የባፍታ ሽልማት ወሰደ። ከሽልማቱ ወር ሳይሞላ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የኮሪያው ክራፍተን በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ባይደርስለት ኖሮ አልቆለት ነበር። ጌሙ ጥሩ ነበር፣ ሠሪዎቹ ጎበዝ ነበሩ፣ ስለ ራሳቸው ዕጣ የሚወስኑት ግን እነሱ አልነበሩም።

የላሪያን ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ላሪያን ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ ያለ ስቱዲዮ ነው። የመሠረተውና የሚመራው ስቬን ቪንኬ ነው። የቻይናው ድርጅት ቴንሰንት ድርሻ አለው፣ ግን አናሳ ድርሻ። አክሲዮን ገበያ ላይ የለም። ባልደርስ ጌት 3ን ኦክቶበር 2020 ላይ ሳያልቅ ለመሞከሪያ ሸጠው፣ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ከተጫዋቹ ጋር እየተማከሩ ሠሩት፣ ኦገስት 2023 ላይ ሙሉው ወጣ። ዓለም ሁሉ ቀጣዩን ክፍል ሲጠብቅ ቪንኬ በ2024 ብቅ ብሎ ባልደርስ ጌት 4ን አንሠራም፣ ወደ ራሳችን ሐሳብ እንመለሳለን አለ። የባልደርስ ጌት ስም ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የሚባል ድርጅት ነው እንጂ የነሱ አይደለም። ያን ያህል ገንዘብ ፊት ለፊት እያየ «አይ» ማለት የሚችለው አስገዳጅ የሌለበት ብቻ ነው። ላሪያን ሌላ ጌም አወጣ ሲባል እኔ የምሰማው ይሄን አስታውሼ ነው።

«ኢንዲ» የሚለው ቃል ብቻውን አያሳምናችሁ

ኢንዲ ማለት ድሮ ገለልተኛ ማለት ነበር። አሁን የመሸጫ ምልክት ሆኗል፤ ፒክስል ያለበት ነገር ሁሉ ኢንዲ ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ በ2025 ክለር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33 ሲወጣ «ይሄ እንዴት ኢንዲ ይባላል?» የሚል ክርክር ተነሳ። የሠራው ሳንድፎል ኢንተራክቲቭ ነው፣ ሞንፔሊዬ፣ ፈረንሳይ። መሪው ጊዮም ብሮሽ ቀድሞ ትልቁ የጌም ድርጅት ዩቢሶፍት ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ለቆ ወጣና የራሱን ጀመረ። ዋናው ቡድን ሠላሳ ሰው ገደማ ነው፣ ከውጭ የተቀጠሩ ብዙ ረዳቶች አሉ፣ ኬፕለር የሚባል ፐብሊሸርም አለው፣ ኬፕለር ደግሞ ከቻይናው ኔትኢዝ ገንዘብ ወስዷል። ታዲያ ኢንዲ ነው አይደለም?

እውነት ለመናገር ለገዢ ይሄ ክርክር ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጌሙ ውስጥ የሚታየው ነው። ተራ እየጠበቁ የሚዋጉበት ጌም በዚህ ዘመን በትልቅ በጀት አይሸጥም የሚባል እምነት ነበር፣ እነሱ ግን እሱኑ ሠሩ። ታሪኩን በአንድ ጌም ውስጥ ጀምረው ጨረሱት። 70 ዶላር በሚጠየቅበት ጊዜ 50 ዶላር ሸጡት። የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎም ተሸለመ። ፐብሊሸር መኖሩ ነፃነታቸውን አልቀማቸውም። ፐብሊሸር ሁሉ ጠላት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አልስማማም። ተዋናዩ አቡበከር ሳሊም በአባቱ ሞት ኀዘን ላይ ቆሞ የሠራው፣ ከባንቱ አፈ ታሪኮች የተቀዳው ቴልስ ኦፍ ኬንዜራ በ2024 የወጣው በኤሌክትሮኒክ አርትስ በኩል ነው። እንዲህ የግል የሆነ ሥራ ትልቅ ድርጅት ሲያወጣው ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ቃሉን ተዉትና እነዚህን ሁለት ነገሮች ተመልከቱ። አንደኛ፣ ሠሪው ስለ ጌሙ በራሱ ስም፣ በራሱ አፍ ይናገራል ወይ? ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር ቀርቦለት እምቢ ያለበት ቦታ አለ ወይ? ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ባላትሮን ውሰዱ። በፌብሩዋሪ 2024 የወጣ የካርታ ጌም ነው፣ የፖከር እጆችን ይጠቀማል፣ ቁማር ግን የለበትም። ሎካልተንክ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ሰው ነው የሠራው። በሚሊዮኖች ሲሸጥ የቁማር ድርጅቶች ዓይን እንደሚያርፍበት ግልጽ ነበር። ሰውየው ጌሙ ለቁማር ቤት እንዳይሸጥም እንዳይከራይም ኑዛዜው ላይ ሳይቀር አስፍሬአለሁ ብሎ ተናገረ። ጌሙ ውስጥም በገንዘብ የሚገዛ ተጨማሪ ነገር አላስገባም። ፐብሊሸር አለው፣ ፕሌይስታክ ይባላል። ሐሳቡ ግን የራሱ እንደሆነ ቀርቷል።

የመውጫውን ቀን ታሪክ ተከታተሉ

ጌም ተራዘመ ሲባል ሰው ይናደዳል። እኔ ግን መጀመሪያ ማን አራዘመው፣ ስንት ጊዜ፣ በስንት ብዬ አያለሁ። ሁለት ምሳሌ ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

ቲም ቼሪ አደሌድ፣ አውስትራሊያ ያለ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ስቱዲዮ ነው። ሆሎው ናይትን በ2014 ኪክስታርተር ላይ ከሕዝብ በሰበሰቡት 57 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ጀመሩት፣ በ2017 አወጡት፣ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ከዚያ ፌብሩዋሪ 2019 ላይ ቀጣዩን ክፍል፣ ሲልክሶንግን፣ አሳወቁ። ሲልክሶንግ የወጣው ሴፕቴምበር 4፣ 2025 ነው። ከስድስት ዓመት በላይ! በመሃል ደጋፊው በየትልልቁ የጌም ዝግጅት ላይ «ዛሬስ ይታይ ይሆን?» እያለ ነበር የሚጠብቀው። ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሠሪዎቹ ለምን እንደቆዩ ተጠየቁ፤ ሥራው እያስደሰታቸው እየጨመሩበት እንደሄዱ ነው የተናገሩት። ይሄን መልስ ለባለአክሲዮን መስጠት አይቻልም። እነሱ ግን የሆሎው ናይት ገንዘብ ነበራቸው፣ ከላያቸውም ማንም አልነበረም። ዋጋው 20 ዶላር። በወጣበት ሰዓት ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ስቲምን ጨምሮ መሸጫዎቹ ተጨናንቀው ተቋረጡ።

አሁን ሳይበርፐንክ 2077ን አስታውሱ። ሲዲ ፕሮጀክት የፖላንድ ድርጅት ነው፣ ዋርሶ አክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጥ። ጌሙ ኤፕሪል 2020 ነበር የሚወጣው። ወደ ሴፕቴምበር ተገፋ፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ዲሴምበር 10። የመጨረሻው ማራዘሚያ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። ሲወጣ ጠንካራ ፒሲ ላይ ይሠራል፣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን ለመጫወት የሚያስቸግር ነበር፣ ሶኒም ከሳምንት በኋላ ከመሸጫው አነሳው። የተመለሰው ጁን 2021 ላይ ነው። ሠሪዎቹ አቅም አጥተው አይደለም፤ በኋላ አስተካክለውታል፣ በ2023 መጨረሻ ላይ የነበረው ሳይበርፐንክ በጣም አሪፍ ጌም ነው። ያጡት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን እንዲህ አንብቡት። ቀን ሳይቆርጥ ዝም ብሎ የሚሠራ ስቱዲዮ፣ ወይም አንዴ በረጅሙ የሚያራዝም፣ ብዙ ጊዜ ሥልጣኑ እጁ ላይ ነው። በሳምንታት እየቆረጠ ደጋግሞ የሚገፋ፣ በተለይ ደግሞ የገና ገበያ እንዳያልፈው የሚሮጥ፣ ከላይ የሚጎትተው ሰው እንዳለ ጠርጥሩ። አክሲዮን ገበያ ላይ ያለ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የጂቲኤው ሮክስታር ባለቤቱ ቴክ ቱ ነው፣ ቴክ ቱ ደግሞ አክሲዮን ገበያ ላይ ነው። ጂቲኤ 6 ከ2025 መጸው ወደ ሜይ 2026፣ ከዚያም ወደ ኖቬምበር 19፣ 2026 ሲገፋ የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዷል፣ እነሱ ግን ገፉት። ሮክስታር ባለቤት ቢኖረውም «ገና ነው» ሲል የሚሰማ ስቱዲዮ ነው። አንዳንዴ ስም ራሱ ሥልጣን ይሰጣል።

ትሬለር አይታችሁ አትወስኑ፣ የትኛው ማሽን ላይ እንደተቀረጸ ጠይቁ

ትሬለር ማስታወቂያ ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። የምትፈልጉት ሰው እጁ ላይ ይዞ ሲጫወተው ሳይቆረጥ የሚታይ ቪዲዮ ነው፣ ያውም እናንተ ባላችሁ ማሽን። ሳይበርፐንክ ከመውጣቱ በፊት ጋዜጠኞች እንዲሞክሩ የተሰጣቸው የፒሲው ብቻ ነበር። የፕሌይስቴሽን 4ቱ አልተሰጣቸውም። ጌሙ በአምስት ማሽን ይወጣል ተብሎ የሚታየው በአንዱ ብቻ ከሆነ፣ የተደበቀው የናንተው ሊሆን ይችላል።

ሪቪው (ጌሙን የሞከሩ ሰዎች የሚጽፉት ግምገማ) ጌሙ በወጣበት ሰዓት ላይ ብቻ እንዲለቀቅ ከታገደም ጥያቄ አንሱ። ብዙ ጊዜ ገዢው ሳያውቅ እንዲገዛ ነው። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁሌም አይደለም፦ ቲም ቼሪ ሲልክሶንግን ለጋዜጠኛ አስቀድሞ አልሰጠም፣ ምክንያቱ ደግሞ በኪክስታርተር ገንዘባቸውን ካዋጡት ደጋፊዎች በፊት ሌላ ሰው እንዳይጫወተው ነው። ለዚህ ነው ምልክቶቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ ማየት ያለባችሁ። አንዱ ምልክት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

ከሁሉም የሚሻለው ዴሞ፣ ማለትም ለመሞከሪያ የሚሰጥ የጌሙ ቁራጭ፣ ነው። ስቲም በዓመት ሦስት ጊዜ ገና ያልወጡ ጌሞችን ዴሞ በነፃ የሚያቀርብበት ሳምንት አለው። እኔ አዲስ ነገር የማገኘው በአብዛኛው እዚያ ነው። ዴሞውን ስትጫወቱ ውበቱን ለጊዜው ተዉት። ሜኑው ይሠራል? ጽሑፉ ይነበባል? መቆጣጠሪያው መቀየር ይቻላል? ሠሪው ጊዜ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ገንዘቡ

አስቀድማችሁ አትግዙ። የሚወርድ ጌም አያልቅም፣ ወረፋ የለበትም። ቀድሞ መግዛት ትርጉም የነበረው ሲዲ በሱቅ በሚሸጥበት ዘመን ነው። ቀድሞ ለሚገዛ ይሰጣል የሚባለው ልብስና ጦር መሣሪያም በሁለተኛው ቀን ትረሱታላችሁ። ሳታዩ የከፈላችሁ ቀን «ገና ነው» ለማለት የሚፈልገውን ሠሪ እጁን ታስራላችሁ፤ ገንዘቡ ገብቷል፣ አለቃው ለምን ይጠብቃል?

የስቲምን ገንዘብ የመመለስ ደንብ በደንብ እወቁት። ከገዛችሁ 14 ቀን ካልሞላ እና የተጫወታችሁት ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ምክንያታችሁ ምንም ይሁን ይመለስላችኋል። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሰዓት ለገጸ ባሕርይ ፀጉር መምረጫ አታውሏት። ቶሎ ወደ ጨዋታው ግቡ፣ ማሽናችሁ የሚጨናነቅበትን ቦታ ፈልጉ፣ ሴቲንጉን አይታችሁ ወስኑ። ጌሙን ከፍታችሁ ትታችሁ ብትሄዱም ሰዓቱ ይቆጥራል።

አገር ቤት ላለን ሰዎች ሌላም ጣጣ አለ። ስቲም ብር አያውቅም፣ ዋጋው በዶላር ነው፣ የውጭ ካርድ ማግኘትም ለሁሉም ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው የሚያስገዛው ዲሲ ያለ ያጎት ልጅ ወይም ዱባይ ያለች እህት በስጦታ መልክ እንዲልኩለት ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። የጌሙ ዋጋ በሁለቱ አገሮች በጣም ከተለያየ ስቲም ስጦታውን ላያሳልፍ ይችላል። ስጦታው ካልተስማማችሁ ደግሞ መመለሱን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ፣ ገንዘቡ ግን የሚመለሰው ለከፈለው ሰው ነው። ይሄን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በኋላ ቅሬታ አይፈጠርም።

የዳታውንም ሒሳብ ከዋጋው ጋር ደምሩ። ባልደርስ ጌት 3 ወደ 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። በሞባይል ፓኬጅ ይሄን ማውረድ ከጌሙ ዋጋ ጋር የሚፎካከር ወጪ ነው። ባላትሮ ከ200 ሜጋባይት በታች ነው። ስታርዱ ቫሊ 500 ሜጋባይት ይጠይቃል፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ስልክ ላይም ይሄዳል። ስታርዱ ቫሊን ኤሪክ ባሮን ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ በ2016 አወጣው፤ ሙዚቃውም ሥዕሉም ኮዱም የሱ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ትልልቅ ጭማሪዎችን በነፃ ሲሰጥ ኖሯል፣ ከ40 ሚሊዮን በላይም ተሸጧል። አቅሙ የማይፈቅድ ማሽን ያለው ሰው ጥሩ ጌም አያገኝም የሚል ካለ ይሄን አሳዩት።

ኮንሶል የሌላችሁ ደግሞ ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት አዲሱን ጌም ካስገባ በሰዓት ከፍላችሁ ሞክሩት። ሰው ሁሉ ኳስ በሚጫወትበት ቤት ሌላ ጌም ክፈቱልኝ ማለት ይከብዳል፣ ግን ጠይቁ።

ሰርቨር ሲዘጋ ምን ይቀራችኋል?

ይሄን የምጽፈው እየተንገበገብኩ ነው። አንዳንድ ጌም የሚከፈተው ከድርጅቱ ሰርቨር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ካለው ኮምፒውተሩ፣ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ኮንኮርድ የሚባለው የሶኒ ጌም ኦገስት 23፣ 2024 ወጥቶ ሴፕቴምበር 6 ላይ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት! ገንዘቡ ለገዢዎች ተመልሷል፣ ዓመታት የፈጀው ሥራ ግን ዛሬ በሶኒ በኩል የሚከፈትበት መንገድ የለም። የዩቢሶፍት ዘ ክሩ ደግሞ የመኪና ጌም ነው፣ ብቻችሁን ነድታችሁ የምትጨርሱት ታሪክ ነበረው። ማርች 2024 መጨረሻ ላይ ሰርቨሩ ሲዘጋ ያም አብሮ ጠፋ። ከዚህ የተነሳ ነው «ጌሞችን መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ የተጀመረው፣ አውሮፓ ውስጥም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጌሙ ብቻችሁን የምትጫወቱት መሆኑን፣ የሌላ ድርጅት አካውንት የሚጠይቅ መሆኑን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት መሆኑን አረጋግጡ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይሄ ቅንጦት አይደለም። ጂኦጂ የሚባለው መሸጫ ላይ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ መጫኛ ፋይሉን አውርዳችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካባችሁም።

ያላለቀ ጌም መግዛት

ኧርሊ አክሰስ የሚል ሰማያዊ ሣጥን ካያችሁ ጌሙ ገና እየተሠራ ነው። እኔ እደግፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ነፃ ሆነው የሚቆዩት በዚህ ገንዘብ ነው። ሱፐርጃያንት የሚባለው ስቱዲዮ ሄዲስ የሚለውን ጌም ከዲሴምበር 2018 እስከ ሴፕቴምበር 2020 እንዲህ ነው የሠራው። ግን ሣጥኑን አንብቡ፣ ሠሪው ለምን እንደዚህ እንደሚሸጥና ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ እዚያው ይመልሳል። ከዚያ የአፕዴት ዜናውን ክፈቱ። የመጨረሻው ጽሑፍ ከመንፈቅ በላይ ከሆነው ተዉት። ያለውን ይዞ ዛሬ ቢቆም ይከፋኛል? ብላችሁ ጠይቁና መልሱ «አይከፋኝም» ከሆነ ብቻ ግዙ።

ያልተሳካ አወጣጥም ሁሌ መጨረሻ አይደለም። ኖ ማንስ ስካይ ኦገስት 2016 ሲወጣ ተስፋ የተሰጠበት ብዙ ነገር አልነበረበትም፣ ቁጣው ከባድ ነበር። ሠሪው ሄሎ ጌምስ ሌላ ባለቤት የለበትም። ዝም ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ከዓመት ዓመት ነፃ ጭማሪ እየሰጡ፣ በ2024 ስቲም ላይ የገዢዎቹ አጠቃላይ ድምፅ «በጣም ጥሩ» ደረጃ ደረሰ። በአለቃ የሚተዳደር ስቱዲዮ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ወደ ሌላ ሥራ ይመደብ ነበር። ስለዚህ የወጣበት ሳምንት ላይ ጥሩ ያልሆነ ጌም ካያችሁ ባለቤቱን ተመልከቱና ዊሽሊስት (በኋላ የምትገዙት ዝርዝር) ላይ አስቀምጡት፣ አትሰርዙት።

የራሳችን ሰዎች

አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን ሠርቷል፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ካሜሩን፣ ያውንዴ ያለው ኪሮ ጌምስ በ2016 ኦሪዮን የሚለውን ጌም ያወጣው በኪክስታርተር ተደግፎ ነው። እንዲህ ያሉ ስቱዲዮዎች ነፃነት አላቸው፣ የሚያጥራቸው ጊዜ የሚገዛ ገንዘብ ነው። ጌም መሥራት የምታስቡ ካላችሁ መሣሪያችሁንም በዚሁ ዓይን ምረጡ፦ ዩኒቲ የሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ድርጅት ሴፕቴምበር 2023 ላይ ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ሠሪውን ሁሉ አስደነገጠ፣ ከዓመት በኋላ ሰረዘው፣ ግን ብዙዎች በዚያ መሃል ጎዶ ወደሚባለው ሌላ መሥሪያ ሄደዋል። ጎዶ ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ከሽያጫችሁ ምንም አይወስድም፣ ደህና ላፕቶፕ ካላችሁ ዛሬ አውርዳችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

ለገዢ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል። የትንሽ ስቱዲዮ ጌም ወዳችሁ ከጨረሳችሁ ሪቪው ጻፉ። ስቲም ላይ አንድ ጌም አሥር ሪቪው እስኪያገኝ ድረስ አጠቃላይ ውጤቱ አይታይም፣ ሰውም ገጹን ከፍቶ ባዶ ሲያይ ይመለሳል። ረጅም መሆን የለበትም። በምን ማሽን እንደተጫወታችሁት፣ ስንት ሰዓት እንደቆያችሁ፣ ምኑ እንደተበላሸ፣ ምኑ ሌሊቱን እንዳስመሸባችሁ ጻፉ። የተበላሸውን ሳትደብቁ ጻፉ፤ ነፃ የሆነ ሠሪ ያነበዋል፣ ብዙ ጊዜም በሳምንቱ ያስተካክለዋል።